«ሌላ የለብኝም»

በደብረ ብርሃን፣ ከበግ ተራው ጀርባ፣ ጣሪያዋ በዛገ ቆርቆሮ የተከደነ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። በዚያች ቤት ሦስት ነፍሶች ይኖሩ ነበር፤ ሸሪፍ፣ ሚስቱ ጠይባና አንዲቱ ልጃቸው አፊፋ። ሀብት አልነበራቸውም፤ ሳቅ ግን ነበራቸው። ሸሪፍ የአልዩ አምባ ተወላጅ ነው። ከቆላው ሸማኔዎች ጋቢ እየገዛ በደጋው ገበያ ይሸጣል። ብርድ ባለበት አገር ጋቢ ሻጭ ተርቦ አያድርም እያለ በራሱ ንግድ ይቀልድ ነበር። ጠይባም ሌላው ሰው አላህን ሲያመሰግን አንተ ውርጩን ታመሰግናለህ እያለች ትመልስለታለች። እነርሱ ሲቀላለዱ አፊፋ ደብተሯን ዘግታ ትስቅ ነበር። ያንን ሳቅ የሰማ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዚያው ቤት ልቅሶ ይሰማል ብሎ እንዴት ይጠረጥር? ሰው የነገውን ቢያውቅ ኖሮ የዛሬውን ሳቅ ከየት ያመጣው ነበር?...

በ1973 ዓ.ም. ክረምት ጠይባን ሆዷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ኋላ ግን ሆዷ እያበጠ፣ ፊቷ እየገረጣ ሄደ። አዲስ አበባ የመረመራት ሐኪም ሆዷ ውስጥ ዕጢ እንዳለና ቶሎ በቀዶ ጥገና ካልወጣ እንደማትተርፍ ለሸሪፍ ነገረው። ለሕክምናው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለመኪናውና ለማረፊያው ሁሉ ሲደመር ሰባት መቶ ብር ይፈለግ ነበር። ሸሪፍ በእጁ ሰባ ብር እንኳ አልነበረውም። በማግሥቱ በጭነት መኪና ወደ አንኮበር ሄዶ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግሩ ወርዶ፣ አልዩ አምባ ታላቅ ወንድሙ ዘይኑልአቢዲን ቤት ደረሰ። ዘይኑ ሦስት በቅሎዎች ያሉት፣ ጨውና በርበሬ የሚነግድ፣ ከእርሱ የተሻለ ኑሮ የሚኖር ሰው ነው። ነገር ግን ቂም ነበረበት። አባታቸው የሞቱ ጊዜ ሸሪፍ ደብረ ሲና ገበያ ላይ ስለነበር መርዶው ዘግይቶበት ከተቀበሩ በኋላ ነበር የደረሰው። ዘይኑ የወንድሙን ልመና እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«አባቱን ለመቅበር ያልቸኮለ ሰው፣ ብር ለመውሰድ እንዴት ቸኮለ?»

ሸሪፍ ተነሳ። ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ያንን ዳገት ተመልሶ ወጣ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እናናየሁ የምትባል ጠጅ ቤት ያላት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለተቸገረ ሰው በአራጣ ታበድራለች ይባላል፤ ለመቶ ብር በየወሩ አሥር ብር። ቀበሌው እንዳይሰማባት በሹክሹክታ ነው የምታበድረው። ሸሪፍ በእናናየሁ በር ፊት ሦስት ጊዜ አለፈ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። እንደ እርሱ ላለ ሙስሊም ወለድ መብላትም ማብላትም ከባድ ኃጢአት ነው። ጠይባ ደግሞ በዚህ ነገር ከእርሱ ትብሳለች፤ በአራጣ ከሚያበድር ሰው ቤት ውኃ እንኳ አትጠጣም። ይህ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ብታውቅ፣ ሞቴን እመርጣለሁ ብላ ከአልጋዋ አትነሳም ብሎ አሰበ። ታዲያ ምን ያድርግ? ሃይማኖቱን ጠብቆ ሚስቱን ይቅበር? ወይስ ሚስቱን አትርፎ ኃጢአቱን ለብቻው ይሸከም?... በአራተኛው ጊዜ ገብቶ ፈረመ። ቤቱ ሲመለስ ብሩን ትራሷ ሥር አድርጎ፣ ወንድሜ ዘይኑ ሰጠኝ አላት። ጠይባ አለቀሰች። እንዲያ ያለ ወንድም የሰጠህ አላህ ይመስገን አለች።

ጠይባ ዳነች። ግን የዳነችበት ቀን ለሸሪፍ የእረፍት ቀን አልሆነም። በየሶላቷ መጨረሻ እጇን ዘርግታ ለዘይኑልአቢዲን ዕድሜና ጤና ትለምናለች። ሸሪፍም አጠገቧ ተቀምጦ «አሚን» ይላል። በቀን አምስት ጊዜ ያችን ውሸት እንደገና የሚዋሻት ያህል ይሰማው ነበር። እየቆየ፣ እርሷ ዱዓ ስትጀምር እርሱ ጫማውን ፈልጎ የሚወጣ ሆነ።

በየወሩ ሰባ ብር ከየት ይምጣ? የጋቢው ትርፍ ለእህልና ለቤት ኪራይም አይበቃም። ሸሪፍ ከባለሱቁ ከደምመላሽ አቡጀዲ በዱቤ ይወስድና ከገዛበት ዋጋ አሳንሶ በእጅ በእጅ ይሸጠዋል፤ በዚያ ብር ለእናናየሁ የወሩን ወለድ ይከፍላል። የደምመላሽ ቀን ሲደርስ ከሌላ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። የዚያኛው ሲደርስ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሮቹ አላርፍ አሉ። ምሳ ቀርቦለት ሁለት ጉርሻ በልቶ ይነሳል፤ በር ላይ ይቆማል፤ ይወጣል፤ ይመለሳል፤ ሰው ሲጠራው ይደነግጣል። አፊፋ ይህንን ሁሉ ታይ ነበር። አንድ ቀን ለማንም ሳትነግር ደብተሯን ከሣጥን ውስጥ ከተተችና ሱፍ በሚበጠርበት ቦታ የቀን ሥራ ገባች። ሸሪፍ ይህን ሲሰማ ሊቆጣት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ምን ብሎ ይቆጣ?

በዚያ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት የሚረዳዳበት ዕድር ነበር። የዕድሩ ዳኛ አቶ ጣሰው ይባላሉ፤ የመንገድ ሥራ ፎርማን የነበሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ልባቸው ግን ርኅሩኅ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ኑሮ እየተወደደ ብዙ ቤት በዕዳ መፍረስ ሲጀምር፣ ዕድሩ ሙት መቅበር ብቻ ሳይሆን በቁም የሚቀበረውንም ማውጣት አለበት ብለው አንድ ሥርዓት አወጡ። እሑድ ጠዋት ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ ዕዳ የከበደው ሰው በዕድርተኛው ፊት ይቀርባል፤ ባለ ገንዘቦቹ ይጠራሉ፤ እንደ አቅሙ በየወሩ እንዲከፍል ይወሰንለታል፤ ዕድሩም ዋስ ይሆነዋል። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ያለበትን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር መናገር።

በጥር ወር 1975 ዓ.ም. ጠይባ ባሏን ለምና ለምና ወደዚያ ሸንጎ አመጣችው። የሱቆቹን ዕዳ ሰምታለች፤ የእናናየሁን ግን አታውቅም። ሸሪፍ በመካከል ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ የሦስቱን ሱቆች ዕዳ ተናገረ። በጠቅላላው አራት መቶ ሰማንያ ብር ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ ይርጋለም እያንዳንዱን መዘገበ። ከዚያ ደምመላሽ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠየቀ።

«እኔ ለብሬ አይደለም የተናደድኩት» አለ ደምመላሽ፤ «ሸሪፍ ፊቴን ላለማየት በወንዙ በኩል ሲዞር ጫማው አለቀ። ያንን ጫማ ደግሞ በዱቤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ሸሪፍም ሳይወድ ሳቀ። ደምመላሽ ከእንግዲህ በፊት ለፊት በር ይግባ እንጂ ዓመት ቢጠብቅ ግድ እንደሌለው ተናገረ። የቀሩት ሁለት ባለሱቆችም ተስማሙ። በየወሩ አርባ ብር፣ ለአሥራ ሁለት ወር ተባለ። ያን ጊዜ አቶ ጣሰው መነጽራቸውን አውልቀው ሸሪፍን ትኩር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ለሐኪም ግማሽ በሽታውን ብቻ የሚነግር ሰው አይድንም። ሌላስ?»

ሸሪፍ ቀና አለ። ከሴቶቹ መካከል ጠይባን አያት። ፊቷ ከስንት ጊዜ በኋላ በርቶ ነበር። አሁን ቢናገር ትሰማለች። ዘይኑ አልሰጠኝም ማለት አለበት። የተረፍሽው በአራጣ ነው ማለት አለበት። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት... አንዲት ቃል ነበረች እኮ! ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ምነው በወጣች! ምነው እግሩን የማያስቀምጠው ያ መቁነጥነጥ ያን ዕለት አፉን በከፈተው!...

«ሌላ የለብኝም» አለ።

«በምታምነው?»

«ወላሂ፣ ሌላ የለብኝም።»

ይርጋለም ከዝርዝሩ ሥር መስመር አሰመረና ገጹን ዘጋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሸሪፍ በአንድ ጀርባ ሁለት ጭነት ተሸከመ፤ አርባ ብር ለዕድሩ፣ ሰባ ብር ለእናናየሁ። በዱቤ መውሰድ ደግሞ ቀርቷል፤ ዕድሩ ዋስ ሆኖት ሳለ አዲስ ዱቤ ማንሳት አይችልምና። እናናየሁም ክፉ ሆና ብቻ አልነበረም የምታስጨንቀው፤ ወንድሞቿ ገንዘባቸውን እርሷ ጋ አስቀምጠው እርሷንም ይጠይቋት ነበር። ሁለት ወር ሳይከፍላት ሲቀር ግን መንገድ ላይ ጠብቃ፣ ሚስትህ ደግ ሴት ናት ይባላል፤ ሄጄ ባማክራት ምን ይመስልሃል አለችው። ሸሪፍ ከዚያ በኋላ አላረፈም። የቀኑን ገበያ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ገበያ ያስሳል። በመጨረሻም ጋቢዎቹን ተሸክሞ ወደ ጣርማ በር ይሄድ ጀመር። እዚያ የመኪናው መንገድ በሚገባበት ዋሻ አፍ ላይ ከደሴ መስመር የሚወጡ የጭነት መኪናዎች ሞተር ለማብረድ ይቆማሉ፤ ከቆላ የመጡ ሾፌሮችና ረዳቶች ብርዱ ድንገት ሲይዛቸው ጋቢ ይገዛሉ። ሸሪፍ በጉሙ ውስጥ ከመኪና ወደ መኪና ሲሮጥ ይውላል። የሚሸጠው ጋቢ ትከሻው ላይ ስድስት ሰባት ሆኖ ታጥፎ ተደርድሯል፤ እርሱ ራሱ ግን በአንድ ስስ ካፖርት ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ሾፌር አዝኖለት፣ ሰውዬ ከያዝከው አንዱን ልበሰው እንጂ ቢለው፣ የተለበሰ ጋቢ ዋጋው ይወርዳል ብሎ መለሰለት።

ሰኔ ሲገባ ሸሪፍ ማሳል ጀመረ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርፌ ወግቶት፣ ሳንባው ተነክቷልና ሆስፒታል ግባ አለው። ሸሪፍ የቅዳሜን ገበያ ልሽጥና ብሎ ተነሳ። ቅዳሜ ሸጠ። ሰኞ ላይ ግን እነዚያ ማረፍ የማያውቁ እግሮች መቆም አቃታቸው።

ጠይባ በልቧ አንድ ነገር አሰበች። ያ ደግ ወንድም አሁንም ቢሰማ አይጨክንም፤ ደግሞስ እስከ ዛሬ ሄጄ ምስጋና አለማቅረቤ ነውር ነው አለች። ለሸሪፍ አልነገረችውም፤ ብትነግረው ይከለክላታል። በእጇ የጠለፈችውን አንድ የሶላት ኮፍያ ይዛ፣ ሸሪፍን ለአፊፋ አደራ ብላ ወደ አልዩ አምባ ወረደች። ዘይኑ ደጅ ላይ ከሚስቱ ከአሲያ ጋር ተቀምጦ ነበር። ጠይባ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ከአላህ በታች ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልመጣ ቀረሁ፤ አውፍ ይበሉኝ። ለእርስዎ ዱዓ ያላደረግኩበት ቀን ግን የለም።»

ዘይኑ ግራ ገባው። አሲያ ባሏን ቀስ ብላ ዞራ አየችው። ወንድሙን ውኃ ሳያስቀምስ የመለሰበት ቀን እርሷም እዚያው ነበረች።

«ስንት ነበር... የሰጠሁት?» አለ ዘይኑ።

«ሰባት መቶ ብር ነዋ። ረሱት?»

«ዘይኑ ሲሰጥ አይቆጥርም» አለች አሲያ፤ «የሚቆጥረው ሲከለክል ነው።»

ጠይባ ነገሩ አልገባትም። ዘይኑ ግን ገባው፤ እንደ ጩቤ ገባው። ወንድሙ በእርሱ ስም የእርሱን ነውር ሸፍኖለት ኖሯል። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተና አቃተው። ኮፍያውን ተቀበለ። ሸሪፍ ታሟል ስትለው፣ ከኋላሽ እደርሳለሁ፣ ሂጂ ብቻ አላት። እርሷ ዳገቱን ሳትጨርስ እርሱ አንዲቱን በቅሎ ሊሸጣት ወደ ገበያ ይጎትታት ነበር።

ጠይባ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ቤቷ ደረሰች። የሸሪፍ ትንፋሽ እንደ ወናፍ ይሰማል። አጠገቡ ተቀምጣ፣ ደስ እያላት፣ ዘይኑ ጋ ሄጄ ነበር፤ አመስግኜው መጣሁ፤ እርሱም ይመጣል ብላ ነገረችው። ሸሪፍ ዓይኑን ከደነ። ከዓይኑ ጥግ እንባ ወጣ።

«ጠይባ... ዘይኑ አልሰጠኝም።»

«ምን አልክ?»

«ከእናናየሁ ነው። በወለድ። አንቺ እንዳትሞቺብኝ... አውፍ በይኝ።»

ጠይባ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘረጋችው እጇ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አሚን ያለ አፉ፣ በዕድሩ ፊት የማለው ወላሂ... ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ተደረደሩ። ተቆጣች? አልተቆጣችም። ይቅር አላለችውም? ብላዋለች፤ በልቧ ብላዋለች። ግን አፏ ከመናገሩ በፊት እግሯ ቸኮለ። ይህንን ድንጋይ ከላዩ ላይ ላንሳለት፣ ከዚያ ተመልሼ እነግረዋለሁ አለች። አንድ ቃል ሳትመልስለት ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

አቶ ጣሰው ሁሉን ሰምተው አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ይርጋለምንም እናናየሁንም አስጠሩ። እናናየሁ የሸሪፍን ፊርማ የያዘውን ወረቀት በመቀነቷ ቋጥራ መጣች። ይርጋለም ደመረ። ሸሪፍ የተበደረው ሰባት መቶ፣ እስከዚያ ቀን የከፈለው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሠላሳ ብር ነበር። አቶ ጣሰው ወረቀቱን አስቀመጡና ሕግ የሚፈቅደው ወለድ ቢታሰብላት እንኳ ዋናውን ከወሰደች ብዙ ወር አልፏታል፤ ክስ ቢነሳ መላሽ የምትሆነው እርሷ ናት ብለው ፈረዱ። እናናየሁ አልተከራከረችም። ወረቀቷን ራሷ ቀደደችው።

«እኔስ አንድ ቀን ሄዶ ለቀበሌ ይነግርብኛል ብዬ ስፈራ ነው የኖርኩት» አለች።

እርሱ እርሷን ሲፈራ፣ እርሷ እርሱን ስትፈራ!... ይርጋለም የጥር ወሩን ገጽ ገልጦ፣ ያሰመራትን መስመር ሲያያት ቆየ።

«በጥር ነግሮን ቢሆን» አለ ቀስ ብሎ፤ «ያን ጊዜም ከፍሎ ጨርሶ ነበር። እዚያው ነበር የምንሰርዘው።»

ጠይባ የቀረውን አልሰማችም። ሮጠች። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ እየወጋት፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ እየወደቀ፣ በበግ ተራው መካከል ሮጠች። ዕዳ የለብህም ልትለው፤ ከዚያ ደግሞ ቸኩላ ያልተናገረቻትን የይቅርታ ቃል ልትነግረው። በሩ ላይ አፊፋ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም፤ እንደ ግድግዳ ቆማ ነበር። ጠይባ የልጇን ፊት ስታይ ሁሉም ገባት።

«ምን አለ?» አለች፤ «ሲሞት ምን አለሽ?»

«እናትሽ ምን ብላ ወጣች አለኝ። አላውቅም አልኩት።»

ጠይባ አልጋው አጠገብ ተደፋች። አውፍ ብዬሃለሁ አለችው። ደጋግማ አለችው። ዕዳ የለብህም፣ አልቋል፣ ወረቀቱ ተቀዷል አለችው። ግን ለማይሰማ ጆሮ የተነገረ የምሥራች ምን ይረባል? ለአንድ ደቂቃ ብትቀመጥ ኖሮ... ሁለት ቃል ብቻ ብትተነፍስ ኖሮ...

በማግሥቱ ሸሪፍ ሲቀበር ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሶላቱ ከመሰገዱ በፊት ሼኹ እንደ ሥርዓቱ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ በዚህ ወንድማችን ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ቢኖር ይናገር አሉ። ደምመላሽ ከክርስቲያኖቹ መካከል ወጥቶ በእርሱ በኩል የቀረውን መተዉን ተናገረ፤ ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አቶ ጣሰው የቀረውን ዕድሩ ተቀብሏል አሉ። ያን ጊዜ ከቆላ የመጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው ሕዝቡን እየገፋ መጣና ቃሬዛው ፊት ቆመ። ዘይኑልአቢዲን ነበር።

«እርሱ የማንም የለበትም» አለ፤ «የእርሱ ዕዳ ያለብኝ እኔ ነኝ። ይኸው፣ ከአባታችን ልጆች ባለ ዕዳው እኔ ነኝ።»

ቃሬዛው ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ያነሱት ይርጋለምና ደምመላሽ ነበሩ።

ከቀብር መልስ ዘይኑ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሰባት መቶ ብር ጠይባ ፊት አኖረ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ጠይባ ብሩን አልነካችውም። ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ ጠየቀችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በስምዎ የለመንኩት ዱዓ... እርሱ የማን ሊሆን ነው?»

«ለእርሱ አዙሪለት» አለ ዘይኑ፤ «ለእኔ ግን ከዛሬ ጀምረሽ አንድ እንኳ ብትለምኚልኝ...» ጠይባ እጇን ዘረጋች። አፊፋም አጠገቧ ተንበርክካ ዘረጋች። ዘይኑ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ «አሚን» አለ። ብሩን አቶ ጣሰው በአደራ ያዙት፤ አፊፋ በመስከረም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ዕጣ ፈንታው ነው ይላል የአገራችን ሰው፤ ቀኑ ደርሶ ነው ይላል። ይሁን። ሞትን ማን ያስቀረዋል? ነገር ግን ሸሪፍን የገደለው ብርዱ ብቻ ነበር? በሌለ ዕዳ ተሳድዶ፣ ከሚወዳት ሚስቱ ሸሽቶ፣ ሊረዱት ከተሰበሰቡ ሰዎች መካከል ብቻውን ቆሞ ነው የሞተው። ዕዳ ያለበት ሰው አቤት ሊል ይችላል፤ ያፈረ ሰው ግን ወዴት ይጮኻል?... አቶ ጣሰው ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ለወጡ። ዕዳ የከበደውን ሰው በሕዝብ ፊት አይጠይቁትም። እሑድ ጠዋት ከቤታቸው ጀርባ ባለው አግዳሚ ላይ አጠገባቸው ያስቀምጡትና የጓሮውን በር ዘግተው፣ እርሱ እስኪናገር ድረስ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ቀኑን ሙሉ ቢሆንም እንኳ ይጠብቁታል።